ትንሽ የተነዳ ስፖርት መኪና ከመግዛታችሁ በፊት፦ የምርመራ ታሪኩን የማጣራት መመሪያ

«15 ዓመት የሞላው ስፖርት መኪና አግኝቻለሁ፤ የሄደው 14,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ይሉኛል። ልመናቸው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻውን ለዚህ መልስ አይሆንም። መልሱ ያለው መኪናው ለቴክኒክ ምርመራ በቀረበ ቁጥር በተጻፈለት ቀን፣ ኪሎ ሜትርና አስተያየት ውስጥ ነው። እነዚያን መዝገቦች ከየት እንደምታገኙ፣ እንዴት እንደምታነቡና ከመኪናው ጋር እንዴት እንደምታመሳክሩ ደረጃ በደረጃ እነግራችኋለሁ።

የምታጣሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ እውነት ነው ወይ? ሁለተኛ፣ እውነት ከሆነ መኪናው ባልተነዳበት ጊዜ እንዴት ተይዞ ነበር? አብዛኛው ገዢ የመጀመሪያውን አረጋግጦ እፎይ ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ጎማ፣ ቺንጋ፣ ጎሚኒና የፍሬን ዘይት የሚያረጁት በመነዳት ብቻ አይደለም፤ በዕድሜም ያረጃሉ። ለዓመታት ቆሞ የከረመ ስፖርት መኪና በየጊዜው ከተነዳና ከታደሰ ጓደኛው የበለጠ ወጪ ሊያመጣባችሁ ይችላል።

የውጭ መዝገቦች በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፉ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• የመኪናው ቻንሲ ቁጥር፣ እንዲሁም እስካሁን የተሰጡት የሰሌዳ ቁጥሮች በሙሉ (የተቀየሩትም ጭምር)
• የሊብሬው ዋና ቅጂ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም
• ያሉት የምርመራ ወረቀቶች፣ የሰርቪስ ደብተርና ደረሰኞች
• ሰንጠረዥ የምትሠሩበት ወረቀት ወይም ኮምፒውተር
• የእጅ ባትሪና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
• ኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ የሚያነብ መሣሪያ)፤ ቀላሉም ለመጀመሪያ ፍተሻ ይበቃል
• የቀለም ውፍረት መለኪያ፤ ብዙ ስፖርት መኪና አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ብረት ብቻ የሚያነብ እንዳይሆን
• ያንን የመኪና ዓይነት ከነጠባዩ የሚያውቅ፣ ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው መካኒክ

ደረጃ 1፦ የቻንሲ ቁጥሩን ራሳችሁ ከመኪናው ላይ አንብቡ

ሻጩ በስልክ በላከላችሁ ቁጥር አትነሱ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ምልክትና ቻንሲው ላይ ከተመታው ቦታ አንብቡ። ሁሉም እርስ በርሳቸውም ከሊብሬውም ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ሰሌዳ ይቀየራል፣ ወረቀት ይገለበጣል፤ መዝገቦቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስረው ግን ይህ ቁጥር ነው። በአንድ ምልክት ብትሳሳቱ የሌላ መኪና ንጹሕ ታሪክ ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በስፋት የሚሠራበት ቁጥር 17 ምልክቶች አሉት። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ወይ አሳስታችሁ ገልብጣችኋል፣ ወይ ቁጥሩ ችግር አለበት። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ 10ኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ 9 ቁጥር ለ2009፣ «ኤ» ለ2010፣ እያለ ይቀጥላል። የአውሮፓ አምራቾች ለራሳቸው ገበያ ሲሠሩ ይህን ቦታ ለዓመት ላይጠቀሙበት ይችላሉ፤ ስለዚህ አልገጠመም ብላችሁ አትደንግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቁጥሩ ሳህን የተነቀለበት ምልክት፣ አዲስ ሪቬት፣ በተመታው ቁጥር ዙሪያ የሞራጅ ወይም የብየዳ ዱካ ካያችሁ እዚያው አቁሙ። ያ የኪሎ ሜትር ጉዳይ አይደለም፤ የተሰረቀ ወይም ከሁለት መኪና የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ መኪናው የኖረባቸውን አገሮች ለዩና ከየአገሩ መዝገብ ጠይቁ

የምርመራ ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያል። መኪናው በሁለትና በሦስት አገር ኖሮ ከሆነ ከሁሉም ሰብስቡ፤ ኪሎ ሜትር በብዛት የሚቀነሰው መኪና ድንበር ሲሻገር ነው። አዲሱ አገር የድሮውን ንባብ አያውቀውም።

በብሪታንያ ኤም.ኦ.ቲ. የሚባለው ምርመራ መኪናው 3 ዓመት ሲሞላው ይጀምርና በየዓመቱ ይደረጋል፤ በሰሜን አየርላንድ የሚጀምረው በ4 ዓመቱ ነው። ከ2005 ወዲህ ያለውን ታሪክ በሰሌዳ ቁጥር ብቻ ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል፦ ቀኑ፣ የተነዳው ርቀት፣ አለፈ ወይስ ወደቀ፣ የወደቀበት ምክንያትና መርማሪው የጻፈው ማሳሰቢያ። ለገዢ እንዲህ የተመቸ መዝገብ ብዙ ቦታ አታገኙም።

በጃፓን ሻከን የሚባለው ምርመራ አዲስ መኪና 3 ዓመት ሲሞላው ይደረግና ከዚያ በየ2 ዓመቱ ይቀጥላል፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል። መኪናው በጨረታ ከወጣ የጨረታውን ወረቀት ጠይቁ፤ «አር» የሚል ደረጃ ካለበት በግጭት ተጎድቶ ተጠግኗል ማለት ነው። በጀርመንም የመጀመሪያው ምርመራ በ3 ዓመት፣ ቀጣዮቹ በየ2 ዓመቱ ናቸው። ሪፖርቱ የሚሰጠው ለባለቤቱ ስለሆነ የያዙትን ወረቀቶች ከሻጩ ጠይቁ፤ አንድም አላስቀመጥኩም የሚል የሰብሳቢ መኪና ባለቤት ጥርጣሬ ሊያሳድርባችሁ ይገባል። በቤልጂየም ከ2006 ጀምሮ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ካር ፓስ የሚባል የኪሎ ሜትር ታሪክ ማቅረብ ግዴታ ነው። ኔዘርላንድም ብሔራዊ የኪሎ ሜትር መዝገብ አላት፤ የንባቦቹ ቅደም ተከተል አሳማኝ ይሁን አይሁንም ትነግራችኋለች።

አሜሪካ ላይ ጠንቀቅ በሉ። መላ አገሪቱን የሚገዛ አንድ ዓመታዊ ምርመራ የለም፤ ጉዳዩ የየግዛቱ ነው። ካርፋክስና ኦቶቼክን የመሰሉ ድርጅቶች ከየቦታው የለቀሙትን የመኪና ታሪክ ይሸጣሉ፤ ያልደረሳቸውን ግን ሊጽፉ አይችሉም። የባለቤትነት ወረቀቱን ራሱን አንብቡ። «ትክክለኛው ንባብ አይደለም» የሚል ምልክት ካለበት ቁጥሩ ላይ የሚቆም ተስፋ የለም። «ከማሳወቅ ግዴታ ነጻ» የሚል ካለበት ደግሞ መኪናው በዕድሜው ምክንያት ነጻ ወጥቷል ማለት ነው፤ የ2010 እና ከዚያ በፊት ሞዴሎች 10 ዓመት ሲሞላቸው ነጻ ይወጣሉ፣ ከ2011 ወዲህ ያሉት ግን 20 ዓመት ይጠብቃሉ። ነጻ መውጣት ቁጥሩ ስለመረጋገጡ ምንም አይናገርም።

ሌላ አገር ከሆነ መኪናውን የመዘገበውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ወይም ውክልና የያዘ ሰው ስለሆነ ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሂዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሻጩ የላከውን ማስፈንጠሪያም ሆነ ወረቀቱ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ተከትላችሁ አትግቡ። አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ። የተጭበረበረ ወረቀት ወደ ተጭበረበረ ገጽ ይመራል።

ደረጃ 3፦ ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ በቀን ቅደም ተከተል አስገቡ

አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ውጤት፣ አስተያየት፣ ምንጭ። የምርመራውን፣ የሰርቪሱን፣ የጎማ ደረሰኙን፣ የጨረታውን ወረቀት ለየብቻ አታስቀምጡ፤ በቀን ደባልቋቸው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በተለያየ ቦታ የጻፉት ንባብ እርስ በርሱ ሲስማማ ነው እምነት የሚጣልበት። አንዱ ጋራዥ ብቻ የጻፈው አሥር ማኅተም ያን ያህል ዋጋ የለውም።

ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ነገር አስተካክሉ። ማይልን በ1.609 እያባዛችሁ ወደ ኪሎ ሜትር ለውጡ። ቀኖቹንም አንድ ወጥ አድርጉ፦ 03/04/2015 አሜሪካ የተጻፈ ከሆነ ማርች 4 ነው፣ ብሪታንያ ከሆነ ኤፕሪል 3። ጃፓኖች በዘመነ መንግሥት ሊጽፉ ይችላሉ፤ ሄሴ 21 ማለት 2009፣ ሬዋ 1 ማለት 2019 ነው።

ለማሳያ ያዘጋጀሁት ሰንጠረዥ ይኸውላችሁ፤ መኪናው በ2009 የተመዘገበ ነው እንበል።

ሜይ 2012፣ 9,840 ኪ.ሜ.፣ አለፈ
ሜይ 2013፣ 11,310 ኪ.ሜ.፣ አለፈ
ጁን 2014፣ 12,050 ኪ.ሜ.፣ አለፈ፤ «የኋላ ጎማዎች ሊያልቁ ተቃርበዋል»
ኦገስት 2019፣ 12,390 ኪ.ሜ.፣ ወደቀ፤ «ጎማዎች ተሰነጣጥቀዋል፤ የኋላ ፍሬን አንዱ ጎን በደንብ አይዝም»
ኦገስት 2019፣ 12,394 ኪ.ሜ.፣ አለፈ
ሴፕቴምበር 2020፣ 12,460 ኪ.ሜ.፣ አለፈ
ዛሬ ማስታወቂያው ላይ፦ 13,100 ኪ.ሜ.

ቁጥሩ አንድም ቦታ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ችኩል ገዢ እዚህ ጋ ይረካል። እናንተ ግን አንብቡት፦ ከ2014 እስከ 2019 ድረስ አምስት ዓመት፣ 340 ኪሎ ሜትር። በ2014 ሊያልቁ ነው የተባሉት የኋላ ጎማዎች በ2019 ተሰነጣጥቀው ተገኙ፤ እንግዲህ የተቀየሩ አይመስልም። ፍሬኑ ቆሞ ተጣብቋል። ወድቆ ሲመለስ የተነዳው 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጥገናው እዚያው አካባቢ ተሠርቷል፤ ደረሰኙ የታል? ጎማ ብቻ ቀይረው አንዱን ፍሬን አላቅቀው መለሱት? ወይስ የፍሬኑን ዘይት፣ ቱቦዎችና የሞተሩን ዘይትም አደሱት? ከ2020 ወዲህስ ምርመራው የት ሄደ? ይህ መኪና ቁጥሩ እውነት ነው፣ አያያዙ ግን ጥያቄ ውስጥ ነው።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩ የወረደበትንና ያልተጻፈበትን ዘመን መርምሩ

ቁጥር ወርዶ ስታገኙ ወዲያው «ተጭበርብሯል» አትበሉ። መጀመሪያ መለኪያውን ተመልከቱ። በ2015 20,900፣ በ2016 13,150 ቢል የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ማይል ሊሆን ይችላል፤ 13,150 ማይል 21,158 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ታሪኩ ይገጥማል። ቀጥሎ የጽሕፈት ስህተትን አስቡ፦ 11,310፣ 119,000፣ ከዚያ 12,050 ካለ መሐል ላይ አንድ ዜሮ ተጨምሯል።

ስህተትን ከማጭበርበር የሚለየው ቀጣዩ ንባብ ነው። ስህተት በሚቀጥለው ምርመራ ራሱን ያርማል። የተቀነሰ ኪሎ ሜትር ግን ከወረደበት ቦታ ተነስቶ እንደ አዲስ ወደ ላይ መቁጠር ይጀምራል። እንዲህ ካያችሁ ያ መኪና ትንሽ የተነዳ አይደለም፤ ሻጩ ራሱ ሳያውቅ የገዛው ቢሆንም እንኳ በዚያ ዋጋ አትግዙት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ነው። ምርመራ በ3 ዓመት በሚጀምርበት አገር ከዚያ በፊት የተቀነሰ ኪሎ ሜትር በምርመራ ታሪክ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ያንን ዘመን የሚሸፍንላችሁ የሰርቪስ መዝገብ ብቻ ነው። አዲስ ስፖርት መኪና ደግሞ በብዛት የሚነዳው ገና ሲገዛ ነው።

ባዶ ዓመታት ሁሉ ክፉ ምልክት አይደሉም። በብሪታንያ ባለቤቱ መኪናዬን ከመንገድ አውጥቻለሁ ብሎ ካሳወቀ ምርመራ አይጠየቅም። በ2020 ከማርች መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ በኮቪድ ምክንያት የምርመራ ጊዜ በ6 ወር ተራዝሞ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግማሽ ዓመት ቢዘገይ አትጨነቁ። 40 ዓመት ያለፋቸውና ብዙ ያልተቀየሩ መኪኖችም ከ2018 ወዲህ አይገደዱም። ጃፓን ውስጥ ለጊዜው ከመዝገብ ማሰረዝ አለ፤ ጀርመን ውስጥ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ብቻ የሚያገለግል ሰሌዳ አለ።

መለየት የምትችሉት ክፍተቱን ተሻግራችሁ ስታነቡ ነው። ከክፍተቱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከሆነ መኪናው ቆሟል። በሺዎች ከዘለለ ግን ያለ ምርመራ ተነድቷል፤ ወይ ሌላ አገር፣ ወይ በውድድር ሜዳ ላይ። ከክፍተቱ በኋላ ቀለሙ፣ ሞተር ቁጥሩ ወይም ባለቤቱ ተቀይሮ ከተገኘ ደግሞ የከባድ ግጭት ጥገና ሊሆን ይችላል።

ቆሞ ነበር ከተባለ ሻጩን በዝርዝር ጠይቁት፦ የት ነበር የቆመው? ባትሪው ቻርጀር ላይ ነበር? ነዳጁ ተቀይሯል? ዳግም ሲነሳ ማን አስነሳው፣ ምን ምን ቀየረ? መኪናውን የሚወድ ሰው ይህን ሁሉ በደስታ ይነግራችኋል።

ደረጃ 5፦ የመርማሪውን ቃላት አንድ በአንድ ተከተሉ

እያንዳንዱ ማሳሰቢያ መነሻና መድረሻ አለው። አንዱን ያዙና መቼ እንደተጻፈ፣ ስንቴ እንደተደገመ፣ መቼ እንደጠፋ ተመልከቱ። ከጠፋ በዚያ መሐል የጥገና ደረሰኝ መኖር አለበት። ደረሰኝ ከሌለ ችግሩ ሳይሆን የጠፋው መርማሪው ነው፤ ሌላ ጣቢያ ተወስዷል ማለት ይሆናል።

በተለይ የሚጠቅማችሁ የዕድሜን ጉዳት ከአጠቃቀም ጉዳት መለየት ነው። «ጎሚኒው ደርቋል»፣ «ጎማው ተሰንጥቋል»፣ «የፍሬን ቱቦ ዝጓል» የሚሉት የቆመ መኪና ቃላት ናቸው፤ ከትንሽ ኪሎ ሜትር ጋር ይስማማሉ። «ኩሽኔታው ይጮኻል»፣ «የመሪው ኳስ መገጣጠሚያ ላልቷል»፣ «ዲስኩ ተበልቶ ቀጥኗል» የሚሉት ግን የብዙ መንገድ ቃላት ናቸው። 12,000 ኪሎ ሜትር ያለው መኪና ላይ እነዚህን ካያችሁ ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ወይ መኪናው በውድድር ሜዳ ተጨፍጭፏል። የኋላ ጎማ ማለቁ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኃይለኛ ሞተር ያለው መኪና የኋላ ጎማውን በ10,000 ኪሎ ሜትር ሊጨርስ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ «አለፈ» የሚለው ቃል ስለ ሞተሩ ጤና አይናገርም። የብሪታንያው ምርመራ ለምሳሌ የሞተር፣ የፍሪሲዮንና የካምቢዮን ይዞታ አይመረምርም። የሚያየው በዚያ ቀን መንገድ ላይ መውጣት ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ የሰርቪሱን ታሪክ በዓመት ቁጠሩት፣ በኪሎ ሜትር አይደለም

«ገና 10,000 ስላልሞላ ዘይት አልቀየርንም» የሚል ባለቤት መኪናውን በድሏል። የሞተር ዘይት ባይነዳም በአብዛኛው በየዓመቱ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በብዙ አምራቾች መመሪያ በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። የቫልቭ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች ላይ የዕድሜው ገደብ ከኪሎ ሜትሩ ቀድሞ ይደርሳል። ፌራሪ ኤፍ355ን ብንወስድ ቺንጋውን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ወጪው ከባድ ስለሆነ ባለቤቶች ያዘገዩታል። ስለዚህ ከማኅተሙ ይልቅ ክፍሎቹ ተዘርዝረው የተጻፉበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ደብተሩ ላይ የአሥር ዓመት ማኅተም በአንድ ብዕርና በአንድ የእጅ ጽሑፍ ከተሞላ ጋራዡ ደውሉና ቀኑን አጣሩ። በቅርብ ዓመታት ብዙ አምራቾች መዝገቡን በኮምፒውተር ስለሚይዙ ባለቤቱ በቻንሲ ቁጥሩ እንዲያስወጣላችሁ ጠይቁ።

ሞተር ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ምክንያቱን ፈልጉ፤ አንዳንዴ ምክንያቱ ጥሩ ነው። በ2014 ፖርሽ በብሎን ችግር ምክንያት የ785 አዳዲስ 911 ጂቲ3 መኪኖችን ሞተር በሙሉ ቀይሯል። እንዲህ ያለው የአምራቹ ወረቀት ይኖረዋል።

የአምራች ጥሪዎችንም (አምራቹ ጉድለት አግኝቶ መኪናውን ለጥገና የጠራበትን) በቻንሲ ቁጥሩ ፈትሹ። ታካታ የተባለው አምራች የሠራቸው ጉድለት ያለባቸው ኤርባጎች ጉዳይ ሆንዳ ኤስ2000ን፣ ማዝዳ አርኤክስ-8ንና አንዳንድ ፌራሪዎችን ሳይቀር ነክቷል። እዚያ ላይ ጉዳቱን የሚያመጣው ዕድሜ፣ ሙቀትና እርጥበት ነው፤ ትንሽ መነዳት አያድንም።

ደረጃ 7፦ የመኪናውን ኮምፒውተር ጠይቁ

ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር መቀየር ቀላል ነው። ሆኖም ንባቡ በብዙ መኪኖች በሞተሩ፣ በካምቢዮውና በኤቢኤሱ ኮምፒውተር ውስጥም ይቀመጣል፤ ቢኤምደብሊው ቁልፉ ላይ ሳይቀር ይመዘግባል። የሚቀንሰው ሰው ሁሉንም አይደርስባቸውም። የዚያን አምራች መሣሪያ የያዘ ጋራዥ ሁሉንም አንብቦ እንዲያትምላችሁ አድርጉ።

የሞተር ሰዓት ካገኛችሁ ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ አካፍሉ። 14,000 ኪሎ ሜትር በ350 ሰዓት ማለት በአማካይ በሰዓት 40 ነው፤ ያስኬዳል። 14,000 በ1,100 ሰዓት ግን 13 ገደማ ነው። ባለቤቱ በየሳምንቱ ጋራዥ ውስጥ እያስነሳ የሚያሞቅ ከሆነ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነ ኪሎ ሜትር ጎድሏል። 997 ከሚባለው ትውልድ ወዲህ ያሉ ፖርሽ 911 ላይ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ የዞረበት ብዛትና የሞተር ሰዓቱ በስድስት ደረጃ ተከፍሎ ይመዘገባል። ከፍተኛዎቹ ደረጃዎች ብዙ ጊዜ የሚሞሉት ማርሽ በስህተት ወደ ታች ሲገባ ነው። የተመዘገበው ሰዓት ከጠቅላላው የሞተር ሰዓት ከበለጠ ኮምፒውተሩ ተነካክቷል።

በቀላሉ ኦቢዲ ማንበቢያም ጥሩ ነገር ታገኛላችሁ፦ «የስህተት ኮዶች ከጠፉ ወዲህ የተነዳው ርቀት»። 6 ኪሎ ሜትር ካለ ሻጩ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት የማስጠንቀቂያ መብራት አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ ጠይቁት፣ ከተነዳ በኋላም ተመልሳችሁ አንብቡ።

ደረጃ 8፦ ሰንጠረዡን ከመኪናው ጋር አመሳክሩ

ጎማው ጎን ላይ «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚለው መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ። 3218 ማለት በ2018 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱም በሰንጠረዡ ላይ ካለው ቀን ጋር ይገጥማሉ? የመስታወቶቹንና የመቀመጫ ቀበቶዎቹን የምርት ምልክትም እንዲሁ ተመልከቱ፤ አንዱ መስታወት ከመኪናው በሦስት ዓመት የሚያንስ ከሆነ ተሰብሮ ነበር።

ከዚያ የሾፌሩን መቀመጫ ውጫዊ ጠርዝ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የፔዳሉን ጎማ፣ የማርሹን እጀታ እዩ። ፔዳሉ አዲስ ሆኖ መቀመጫው የተላጠ ከሆነ ፔዳሉ ተቀይሯል። የቀለም ውፍረት በአብዛኛው ከ80 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ አንድ ፓኔል ብቻ ከ300 በላይ ካነበበ እንደገና ተቀብቷል። ፋይበር ግላስና ካርቦን ላይ መለኪያው አይሠራም፤ ሎተስ ኤሊዝንና ኮርቬትን የመሰሉትን በዓይንና በመካኒክ ነው የምታዩት።

ደረጃ 9፦ ሰንጠረዡን ይዛችሁ ሻጩ ፊት ቅረቡ፣ ከዚያ መኪናውን አስመርምሩ

ክስ አታድርጉት። «እዚህ ጋ አምስት ዓመት ይጎድለኛል፤ ይረዱኛል?» በሉት። ሐቀኛ ሻጭ ፋይል ያመጣል፣ የቀድሞውን ባለቤት ያገናኛችኋል። የማይመልስ ከሆነ ቀብድ አትክፈሉ። ከዚያ መካኒኩ ከሰንጠረዡ ጋር ሊፍት ላይ ያውጣው፤ ማሳሰቢያ የተጻፈባቸውን ቦታዎች ቀድሞ እንዲያይ አስምሩለት።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

• የመጨረሻውን የምርመራ ወረቀት ብቻ ማየት። ማስረጃው ያለው በሰንሰለቱ ውስጥ ነው።
• የወደቀበትን ምርመራ መፍራት። ወድቆ፣ ተጠግኖ፣ በደረሰኝ የተመለሰ መኪና አንዴም ማሳሰቢያ ካልተጻፈበት የ20 ዓመት መኪና ይልቅ የሚታመን ነው።
• የአሁኑን ሰሌዳ ብቻ መፈተሽ። ሰሌዳው የተቀየረ ከሆነ የድሮው ታሪክ ተለይቶ ሊቀር ይችላል።
• ሪፖርት ላይ ግጭት አለመጻፉን ግጭት እንዳልነበረ መቁጠር።
• የተስማማችሁበትን ዋጋ በኪሎ ሜትሩ ብቻ መተመን። የዘገየውን ቺንጋ፣ ጎማና የፍሬን ሥራ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።
• የገዛችሁትን መኪና በዚያው ቀን በአሮጌ ጎማ ወደ ቤት በፍጥነት መንዳት። የጎማው ጥርስ አዲስ ቢመስልም ከ10 ዓመት በላይ ከሆነው በጭነት መኪና አስወስዱት፤ ጎማውና የፍሬን ዘይቱ ተቀይሮ ፍሬኑ ከተፈተሸ በኋላ ነው መንገድ ላይ የሚወጣው።